የሰብለ ወንጌል እጆች

ሰብለ ወንጌል ከአፏ ቃል አይውጣ እንጂ ዝምተኛ ልጅ አልነበረችም። እጆቿ ይናገሩ ነበር። ደስ ሲላት ሁለቱንም ከትከሻዋ ከፍ አድርጋ ልትበር እንደተነሣች እርግብ ታርገበግባቸዋለች። ሰው ሲበዛባት ጣቶቿን ዓይኗ አጠገብ አምጥታ እያወዛወዘች በመካከላቸው ብርሃኑን ታያለች። ሲያማት ደግሞ የቀኝ መዳፏን ዘርግታ ጆሮዋን ትመታለች። ሆዷን ቢቆርጣት፣ ጥርሷን ቢጠዘጥዛት፣ እግሯን እሾህ ቢወጋት፣ የምትመታው ያንኑ ጆሮዋን ነው። እናቷ ባንቺዓለም መምታቷን ታያለች፤ አንጀቷም ያርራል። ሕመሙን የምታየው ግን አክስቷ ጥሩአየሁ ነበረች። "ሆዷ ነው" ትላለች፤ ወይም "ጫማው ጠቧት ነው" ትላለች። ጫማው ሲወልቅ እጁም ይወርዳል።

በምን እንደምታውቅ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ቢጠይቋትም አትናገርም ነበር።

ጥሩአየሁ ቢቸና ውስጥ በጧፍ ሠሪነቷ የታወቀች፣ አርባውን ያለፈች ሴት ናት። ባል አግብታ ዓመት ሳይደፍን ተመልሳለች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት "ቤቱ ይጮኻል" ብቻ አለች፤ ሰዉም ባልየው የሚጮኽባት መስሎት አዘነላት። ከዚያ ወዲህ በታናሽ እህቷ በባንቺዓለም ግቢ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ሰሟን እያቀለጠች፣ ክሯን እየነከረች፣ በለሰለሰ ሳንቃ ላይ እያንከባለለች ትኖራለች። ጧፏ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲነድ አያንጠባጥብም። እሷም እንደ ጧፏ ናት ይሏታል፤ ቀጥ ያለች፣ ጭምት፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ። ሰላም ሲሏት እጆቿን በነጠላዋ ሥር አቆላልፋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። የመንደሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ "የጥሩአየሁን እናት ነፍሷን ይማርና፣ ልጅ ማሳደግ እንዲያ ነው" ይላሉ።

እናትየዋ እንዴት እንዳሳደገቻት ግን ከሁለቱ እህትማማቾች በቀር የሚያውቅ የለም።

ጥሩአየሁ በልጅነቷ ልክ እንደ ሰብለ ወንጌል ነበረች። ጥቂት ቃል ነበራት እንጂ የእጇ ነገር፣ መወዛወዟ፣ ከሰው ፊት መሸሿ ያው ነው። ጠበል ወሰዷት፤ አልለቀቃትም። ኋላ እናቷ የራሷን ዘዴ አገኘች። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በጧፍ ክር ታስርና ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጣታለች። ክሩ ቀጭን ነው፤ የድመት ግልገል እንኳ ይበጥሰዋል። "እንዳይበጠስ" ትላታለች። ክሩ ሳይበጠስ ከመሸ እራት አለ፤ ከተበጠሰ እራት የለም። በዱላ መትታት አታውቅም። እንዲያውም ክሩ ደኅና ከዋለ አቅፋ ትስማታለች፤ "የኔ ጎበዝ" ትላታለች። ጥሩአየሁ ብዙ ሌሊት ጦሟን ካደረች በኋላ ክሩን መጠበቅ ለመደች። ክሩ ከቀረ በኋላም እጇ እንደታሰረ ቀረ።

የምትፈታው በጓሮ ክፍሏ ብቻ ነው። ሰሙ እስኪረጋ በምትጠብቅበት ሰዓት በሩን ከውስጥ ትቀረቅርና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳያያት እጆቿን ትለቃቸዋለች። ያኔ እንደ ልጅነቷ ይርገበገባሉ። ሰብለ ወንጌል መራመድ ከጀመረች ወዲህ ግን ብቻዋን መሆኗ ቀረ። ልጅቱ በሩን በግንባሯ ትገፋለች። ትከፍትላታለች። ሁለቱ ከሰም ድስቱ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ፣ እጃቸውን ያርገበግባሉ። ልጅቱ ትስቃለች፤ ጥሩአየሁም ትስቃለች። ሰው ባለበት የሳቀችው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

በ2009 መስከረም ባንቺዓለም ልጅቱን አዲስ ቀሚስ አልብሳ ትምህርት ቤት ይዛት ሄደች። ርእሰ መምህሩ ሰብለ ወንጌል እጇን ስታወዛውዝና ጠረጴዛ ሥር ስትገባ አይቶ፣ "እጇ ካረፈና ቁጭ ማለት ከቻለች በሚመጣው ዓመት አምጫት" አለ። ባንቺዓለም እያለቀሰች ተመለሰች። ሞጣ ላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያሠለጥን ቤት መከፈቱን የነገረቻት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

"እትዬ፣ ሞጣ ላይ ክፍል እንከራይላችኋለን" አለቻት ባንቺዓለም ለጥሩአየሁ። "አንቺ ጧፍሽን የትም ሆነሽ ትሠሪዋለሽ። እኔ ሱቁን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ይስማውም እንደምታውቂው መንገድ ላይ ነው።" ይስማው ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱን ከሚያየው ደጀንን የሚያየው ይበዛል።

"ምን ያደርጓታል?" አለች ጥሩአየሁ።

"ያስተምሯታላ! እጅ ማሳረፍ፣ ሰው ማየት፣ ሲጠሯት መምጣት።"

"እጇ ምን ሆነና?"

ባንቺዓለም አፈጠጠችባት። "አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ? እማዬ በክር ባትገራሽ ዛሬ ሰው ትሆኚ ነበር? ማን ጧፍ ይገዛሽ ነበር? ገበያ መሐል ሲያዩሽ ድንጋይ ይወረውሩብሽ ነበር እኮ! እኔ ነገ ብሞት ይህችን ልጅ ማን ያይልኛል?"

ለዚህ ነገር ምስክሩ ጥሩአየሁ ራሷ ነበረች፤ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጇ በነጠላዋ ሥር ተቆላልፎ። ጥር ላይ ሰሟንና ድስቷን ጠቅልላ፣ ልጅቱን አቅፋ፣ የጉንደ ወይንን መንገድ አቧራ ስትቅም ውላ ሞጣ ገባች።

ማሠልጠኛው በቆርቆሮ የታጠረ ንጹሕ ግቢ ነበር። አሠልጣኟ እፀገነት አዲስ አበባ ኮርስ ወስዳ የመጣች፣ ሳቂታ፣ ቁጣ የማታውቅ ወጣት ናት። ጥሩአየሁ ክፉ ሰው ጠብቃ ነበርና ደግ ሰው ስታገኝ ይበልጥ ፈራች።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰብለ ወንጌል ትንሽ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እፀገነት ፊት ለፊቷ ሆና ብስኩት ቆራርሳ ትይዛለች። "እይኝ!" ትላለች። ልጅቱ ካየቻት ቁራሹ አፏ ውስጥ ይገባል፤ "ጎበዝ!" ተብሎ ይጨበጨባል። ካላየቻት እፀገነት ብስኩቱን ከራሷ ዓይን አጠገብ ትይዘዋለች፤ የልጅቱ ዓይን ብስኩቱን ተከትሎ ይመጣል። "እጅ ጭን ላይ!" ትላለች ቀጥላ። እጁ ከተነሣ ከኋላ የቆመ ሰው ይዞ ይመልሰዋል። ከኋላ የምትቆመው ጥሩአየሁ ነበረች።

"ይያዙልኝ እትዬ። ለስለስ አድርገው፣ ግን እንዳይለቋት።"

"ታለቅሳለች እኮ፣ ልጄ።"

"ለልቅሶው መልስ አንሰጥም። መልስ ካገኘ ይደጋገማል፤ ችላ ስንለው ይጠፋል። ደግሞ ጠዋት ቁርስ አያብሏት፤ ከጠገበች ብስኩቱ አያጓጓትም።"

ጥሩአየሁ ያዘች። የልጅቱ እጅ በመዳፏ ውስጥ እንደተያዘች ወፍ ይንፈራገጣል። የራሷ አውራ ጣቶች ሲታሰሩ ይሰማታል። ልቀቂ ልቀቂ የሚላት ነገር ነበር፤ ግን ያዢ ሲሏት መያዝን፣ ቁጭ በዪ ሲሏት መቀመጥን ያኔ ከምድጃው አጠገብ ተምራ ጨርሳለች። ማታ ልጅቱን አስተኝታ እጇን ስታያት መዳፏ ላይ የራሷ ጣቶች ምልክት ያለ ይመስላታል። አልነበረም። ለስለስ አድርጋ ነበር የያዘቻት።

አንድ ቀን ሰብለ ወንጌል ወንበሩ ላይ እንዳለች መዳፏን ዘርግታ ጆሮዋን ትመታ ጀመር።

"ቆይ፣ ቆይ፤ አሟታል" አለች ጥሩአየሁ።

"ምኗን?"

"እንጃ። ሲያማት ነው እንዲህ የምታደርገው።"

"ራስን መምታት ከጠባዮች ሁሉ የከፋው ነው፣ እትዬ። መጀመሪያ የምናጠፋው እሱን ነው" አለች እፀገነት። "ሕመሟን የምትናገርበት ሌላ መንገድ እናስተምራታለን፤ የሥዕል ካርድ አለን። ግን በቅድሚያ መቀመጥ ትማር።"

እጁ ተያዘ። ቁራሹ ተሰጠ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። መምታቱ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። እፀገነት ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ጥሩአየሁን አቅፋ ሳመቻት። ካርዱ የሚጀመርበት ቀን ግን ሳይደርስ የሥልጠናው ጊዜ በፋሲካ አለቀ።

ከመለያየታቸው ሳምንታት በፊት ጥሩአየሁ ልቧ አላርፍ ብሏት አንድ ነገር ጠይቃታለች። ልጆቹ ሄደው እፀገነት ወንበሮቹን ትወለውል ነበር።

"ልጄ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲያድጉ ምን ይሆናሉ?"

"ካልሠለጠኑ ከባድ ነው።"

"ከሠለጠኑስ?"

"ከሠለጠኑማ እንደ ማንኛውም ሰው ይኖራሉ። እንደ እርስዎ፣ እንደ እኔ።"

"ማን ነገረሽ? ካደጉት ውስጥ አንዱን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?"

እፀገነት ሳቀች፤ ሳቋ ክፋት አልነበረበትም። "ኧረ እትዬ! እነሱ እኮ ይህን መናገር አይችሉም።"

"እኔ" የሚለው ቃል የጥሩአየሁ ጉሮሮ ድረስ መጣ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ክሩ እንዳይበጠስ ዋጠችው።

በዚያው ሳምንት ገበያ ወጥታ ነበር፤ ለጧፉ ክር የምትገዛው ከሳብሪያ ሱቅ ነው። የሳብሪያ ልጅ ጁማናም እዚያው ቤት ትሠለጥን ነበርና ሁለቱ በዚያ ይተዋወቃሉ።

"ጁማና ምነው ጠፋች?" አለቻት።

"አወጣኋት።"

"እንዴት? ጎበዝ ሆናለች ሲሉ አልነበር?"

"ጎበዝማ ሆነች።" ሳብሪያ ክሩን እየጠቀለለች ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አጎቷ ይማም መጥቶ 'ነይ' አላት፤ ሄደች። እኔም ሠጋሁና አንድ የማላውቀውን መንገደኛ 'እስቲ ጥራልኝ' አልኩት። 'ነይ' አላት። ሄደች እኮ፣ እትዬ! እጇን ሰጥታው ሄደች። ድሮ ከኔ በቀር ማንም አይነካትም ነበር። እምቢታዋን ነው የወሰዱብኝ። እምቢ የማትል ሴት ልጅ ይዤ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ትጮኻለች፣ ትቧጭራለች፣ ጎረቤት ይሰድበኛል። ይስደበኝ!"

ጥሩአየሁ ክሩን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ ከሱቁ ሳትርቅ ስልኳን አውጥታ ቢቸና ደወለች።

"ባንቺ፣ ልጅቱን ይዤ ልምጣ።"

"ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች።"

"ቁጭ ትላለች?"

"ትላለች።"

"ጆሮዋን መምታት ትታለች ብለሽኝ የለ? ሰው ታያለች?"

"ታያለች።"

በስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ፤ ባንቺዓለም ሱቋ መሐል ቆማ እልል ትል ነበር፤ ገዢዎቹም ምን ተገኘ እያሉ ይጠይቋታል። ጥሩአየሁ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። እስከ ፋሲካ ቆዩ።

ቢቸና ሲመለሱ ባንቺዓለም ልጇ ፊት ተንበርክካ አለቀሰች። "እይኝ" አለቻት፤ አየቻት። "እጅ ጭን ላይ" አለቻት፤ አደረገች። ልጁን ወልዶ ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይን ለዓይን ያልተያየ ሰው ደስታ ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ጥሩአየሁም እህቷ ስትስቅ አይታ ለጥቂት ቀን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለች።

ብቻ ሰብለ ወንጌል የሰሙን ክፍል በር በግንባሯ መግፋት ተወች። ደፉ ላይ ትቆማለች። "ነይ" እስክትባል ትጠብቃለች። "ቁጭ በይ" ስትባል ትቀመጣለች። ጥሩአየሁ እንደ ድሮው በሩን ቀርቅራ እጆቿን ለቀቀቻቸው፤ ልጅቱ ግን እጆቹን አላየችም። ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ ጥሩአየሁ አንድ ነገር አስተዋለች። ልጅቱ ስትተኛ ሁልጊዜ በቀኝ ጎኗ ሆነ። ምግብ ስታኝክ በግራ በኩል ብቻ ነው። ትራሷ ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ አየች፤ አሸተተችው፤ ሽታው ጥሩ አልነበረም።

"ባንቺ፣ ጆሮዋን ሳያማት አይቀርም" አለቻት።

ባንቺዓለም ለማርያም ጽዋ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ የግንቦት ማርያም ተራ የደረሰው እሷን ነው። "ጆሮዋን ቢያማት አትመታም ነበር?"

"እንዳትመታ አድርገናታላ።"

"ብትታመም ታለቅስ ነበራ፣ እትዬ! እያት እስቲ፣ እንዴት ጸጥ ብላ እንደተቀመጠች።" ልጅቱ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጥሩአየሁ ግንባሯን ነካ ብታደርግ ይሞቃል። "ፀሐይ ነው" አለች ባንቺዓለም። "እሺ፣ ጽዋው ይለፍና በማግስቱ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን። ዛሬ ይህን ሁሉ ጥዬ የት ልሂድ? ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ሊያይዋት ነው የሚመጡት።"

ጥሩአየሁ እሺ አለች። እሺ ማለት ለምዳለች።

የማርያም ዕለት ቤቱ ሞላ። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ፤ የቀሩት ሴቶች ናቸው። ባንቺዓለም ሰብለ ወንጌልን ነጭ ቀሚስ አልብሳ ከጓዳ አወጣቻት።

"ሰብልዬ፣ እማሆይን ሰላም በያቸው።"

ልጅቱ ሄዳ የእማሆይ ወለተ ሐናን ጉልበት ሳመችና ቀና ብላ ዓይናቸው ውስጥ ተተከለች። እማሆይ የማኅበሩ ታላቅ ናቸው፤ እንዲህ አፍጥጦ ያያቸው ልጅ የለም።

"ውይ! ይህች ልጅ ዓይኔን ልታወጣው ነው እንዴ?"

ሳቅ ሆነ። "ሞጣ አሠልጥነዋት ነው፣ እማሆይ" አለች ባንቺዓለም አፍራም ኮርታም።

"እኛ ዓይናችሁን ስበሩ እያልን አሳደግን፤ ሞጣ ደግሞ አፍጥጡ ይላል" አለች ጎረቤቷ ወይንእሸት። "አይ ዘመን! ብቻ እሰይ፣ እንኳን ቁጭ አለችልሽ። አምና በጽዋ እኔ ቤት መሶቡ ሥር ገብታ ያደረገችኝን መቼ እረሳዋለሁ?"

ልጅቱን መሐላቸው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። እጅ ጭን ላይ። እማሆይ ከዶሮው ወጥ ጠቅልለው ጉርሻ አዘጋጁ፤ ትልቅ፣ የፍቅር ጉርሻ። "እንቺ የኔ እመቤት፣ ማርያም ታሳድግሽ።" አፏን ከፈተች። ጎረሰች። አገጯ አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ዓይኗ እማሆይ ላይ እንደተተከለ እንባ ሞላ። ከዚያ ሳታኝክ ዋጠችው።

"ጎበዝ!" አለች ባንቺዓለም፤ አጨበጨበች። ሴቶቹም አጨበጨቡ።

"ከእማሆይ ጎርሳ ከኔ ልትቀር ነው?" አለች ወይንእሸት። "እንቺ!" ሌላዋም "የኔስ?" አለች። ጉርሻ ነውና ማን ይቅርብኝ ይላል? ለወትሮው ይህች ልጅ ከሰው እጅ አትበላም ነበር፤ ያጎረሳትን ትተፋበት ነበር። ዛሬ ግን አፏን እየከፈተች ከሁሉም ተቀበለች። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

"አያችሁ፣ ደስ ብሏት አለቀሰች" አለች አንዲቱ።

ጥሩአየሁ ጠላ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ልጅቱን ከጎን ነው የምታያት። ወይንእሸት ሁለተኛ ስታጎርሳት የሰብለ ወንጌል ቀኝ ትከሻ ወደ ላይ ዘለለ። ትከሻው ዘለለ፤ እጁ ግን ከጭኗ አልተነሣም። እንደገና ዘለለ። እጁ አልተነሣም። ክር ያሰረው ይመስል።

"በቃ" አለች ጥሩአየሁ።

የሰማት የለም።

"በቃ!"

ማንቆርቆሪያው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጠላው ሴቶቹ እግር ሥር ፈሰሰ። "ውይ! ቀሚሴን! ምን ነካሽ ጥሩአየሁ?"

"ጆሮዋን ነው! ጆሮዋን አሟታል!"

"ኧረ ተረጋጊ። ልጅቱ ዝም ብላለች፤ ምኗን አማት ትያለሽ?"

"እኛ ነን ዝም ያሰኘናት! እኔ ነኝ የያዝኳት! እኔ..." ከዚህ በኋላ ቃሉ ጠፋባት። ድሮም ሲጨንቃት ቃል የሚባል ነገር ከአፏ ይሸሻል። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ። ሠላሳ ዓመት ከሰብለ ወንጌል በቀር ማንም ያላያቸው እጆቿ ወጡ። አየሩን መቱት። ከዚያ የቀኝ መዳፏን ዘርግታ የራሷን ጆሮ መታች፤ ደግማ መታች፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች፣ ከደረቷ የሚወጣ ድምፅ እያሰማች፣ ጆሮዋን በጥፊ ትለው ጀመር።

ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ተለጠፉ። "በስመ አብ! በስመ አብ!" "ያ የልጅነቷ ነገር ተነሣባት!" "ጠበል አምጡ እባካችሁ!" "በማርያም ጽዋ ላይ? ምን ጉድ ነው?" ለዓመታት ልጅ ሲያሳድጉ የሚጠሯት ጭምቷ ጥሩአየሁ እዚያው ዓይናቸው ሥር ሞተች።

ሰብለ ወንጌል ግን አየቻት። ዓይን ዓይኗን አልነበረም ያየችው፤ እጇን ነው። የልጅቱ ጣቶች ጭኗ ላይ ተላወሱ። ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ደረቷ ድረስ መጣ፤ ትከሻዋ ድረስ መጣ።

"እጅ ጭን ላይ!" አለች ባንቺዓለም።

ክፋት አልነበረም። ቤቱ ሲተራመስ፣ እህቷ ስታብድባት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቢያንስ ልጄ እንኳ ትትረፍልኝ ብላ ከአፏ ያመለጣት ነው። እጁ ወርዶ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ እናቷን አየቻትና ለብስኩቱ አፏን ከፈተች። አፏ ሲከፈት ከጆሮዋ በደም የተለወሰ መግል ወጣ፤ በአንገቷ ወርዶ የነጩን ቀሚስ አንገትጌ አበላሸው። ከዚያ ከበርጩማው ላይ ወደ ቀኝ ተዘነበለች። እጇን እንኳ ለመደገፊያ አልዘረጋችም። እንደተቀመጠች ነው የወደቀችው።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ጻፈላቸው። ይስማው ጭነቱን መንገድ ላይ አውርዶ በጭነት መኪናው ወሰዳቸው። መግሉ ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት ድረስ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ቀደው አጠቡት። "ይህ ብዙ የቆየ ነው። በዚህ ሕመም ትልቅ ሰው ጣራ ይነቀንቃል" አሉ። "አላለቀሰችም?" ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ ጆሮዋ ግን አልተረፈም።

በመስከረም ትምህርት ቤቱ ተቀበላት። ርእሰ መምህሩ "ጸጥ ያለች ልጅ ናት" ብሎ ከፊት አስቀመጣት። በቀኝ በኩል ሲጠሯት አትሰማም፤ ግን እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ማንንም አታስቸግርም። ጭብጨባም አለ።

ከጥሩአየሁ ጧፍ የሚገዛ ጠፋ። በጽዋ ላይ ርኩስ መንፈስ የተነሣባት ሴት የሠራችውን ጧፍ ማን ታቦት ፊት ያበራል? "ጧፏ እንዴት ቀጥ ያለ ነበር!" ይላሉ፤ እንደ ሞተ ሰው ነው የሚያነሷት። እማሆይ ወለተ ሐና ብቻ እንደ ድሮው ይመጣሉ። "ጧፉ ምን በደለ?" ይላሉ፤ ይዘው ይሄዳሉ። ልጅቱን ያጎረሱበትን ቀን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለማንም ልጅ ሲያጎርሱ አልታዩም።

አንድ ከሰዓት ባንቺዓለም የሰሙን ክፍል በር ከፍታ ገባች። በዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ያን ዕለት እጇ ሊነሣ ነበር አይደል?"

"ነበር።"

"እኔ ነኝ የመለስኩት።"

"አንቺ ነሽ" አለች ጥሩአየሁ። ሰው ለማጽናናት መዋሸት አትችልበትም። "ከዚያ በፊት እኔ ነበርኩ።"

ባንቺዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "እማዬ አንቺን ስታስርሽ ከምድጃው ማዶ ሆኜ አይ ነበር። ክሩ ሳይበጠስ ሲቀር እኔም አጨበጭብ ነበር" አለች። "መልሽልኝ። የእጇን ነገር መልሽልኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ።"

በማግስቱ ሰብለ ወንጌል ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጥሩአየሁ "ነይ" አለቻት። መጣች። ከሰም ድስቱ አጠገብ ተቀመጠች። እጅ ጭን ላይ። ጥሩአየሁ የልጅቱን ቀኝ እጅ ያዘች፤ ለስለስ አድርጋ ነው የያዘችው። ቀስ ብላ አነሣችው፤ መዳፉን ዘረጋችው፤ የማይሰማው ጆሮዋ ላይ፣ ጠባሳው ላይ፣ አስቀመጠችው። "እንዲህ" አለቻት። "ሲያምሽ፣ እንዲህ።"

እጁ አልተቃወመም። ሲይዙት ተያዘ፣ ሲያስቀምጡት ተቀመጠ። ሰብለ ወንጌል ዓይን ዓይኗን አየቻትና አፏን ከፈተች።

ጥሩአየሁ የዚያን ትንሽ እጅ ሙቀት በመዳፏ ውስጥ ይዛ የምታደርገውን አየች። ሞጣም የያዘችው እንዲህ ነበር። ለቀቀችው። እጁ ብቻውን ተመልሶ ጭኗ ላይ ዐረፈ።

ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ግቢው ውስጥ ወይንእሸት ከባንቺዓለም ጋር ቆማለች፤ ታያታለች፤ ለጥሩአየሁ ግን ግድ አልሰጣትም። ተመልሳ ከልጅቱ ጎን፣ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ከጎኗ፣ ተቀመጠችና የራሷን እጆች ለቀቀቻቸው። እይኝ አላለቻትም። ልጅቱ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሰሙ ከድስቱ ጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል ይረጋል። ጥሩአየሁ እጆቿን ታርገበግባለች፤ ልጅቱ ትጠብቃለች።